በዳሞታ ግርጌ ፍሬ ማሕፀን ስለ መሻት

የደቡቡን ምድር ጥንታዊ ዜና የሚመረምር ሰው ገድለ ተክለ ሃይማኖትን በገለጠ ጊዜ፣ ከስብከቱና ከገቢረ ተአምራቱ አስቀድሞ የሚገጥመው ልጅ ያጡ የባልና የሚስት ኀዘን ነው። ካህኑ ጸጋ ዘአብና ሚስቱ እግዚእ ኀረያ በምግባርም በሀብትም የተመሰገኑ ሆነው ሳለ ፍሬ ማሕፀን ተነፍጓቸው በጸሎትና በምጽዋት ሲማልዱ ኖሩ፤ በዚህም መካከል የዳሞት ንጉሥ ሞቶሎሚ ሸዋን ወርሮ፣ እግዚእ ኀረያን ከምርኮኞቹ ጋር ወስዶ ሊያገባት ሰርግ ሲያሰናዳ፣ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ነጥቆ ወደ ባሏ እንደ መለሳትና ከዚያም በኋላ ተክለ ሃይማኖትን እንደ ፀነሰች ገድሉ ይተርካል። በወላይታ ትውፊት ሞቶሎሚ ከአገሩ ነገሥታት ተርታ ይቈጠራል፤ ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመውም ተራራ እስከ ዛሬ ዳሞታ ይባላል። የጥንቱ ዳሞት ወሰን ከየት እስከ የት እንደ ነበረ ሊቃውንተ ታሪክ አልተስማሙበትም፤ እኔም ወደዚህ ክርክር አልገባም። ለጉዳያችን የሚበቃን፣ ከዚህ አገር ስም ጋር ተያይዞ በብራና በተጻፈው ጥንታዊ ዜና ውስጥ መካንነት አስቀድሞ መገኘቱ፣ ጸጋ ዘአብም በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት አለማምጣቱ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ሰባክያን ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ እኔ ግን ከክንፉ ተአምር የማያንስ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ሠራዊት እስኪያዝና የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና እስኪማረክ ድረስ በራሱ ነገሥታት የሚተዳደር መንግሥት ነበረ፤ ሕዝቡም ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ሥር በብዙ ጎሳዎች ተከፍሎ፣ ጎሳው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መሬቱም አብሮ ይወርድ ነበር። እንግዲህ ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ያጣው የዐይን ማረፊያ ብቻ አልነበረም፤ በጓሮው የተከለውን እንሰት የሚጠብቅለት፣ በለቅሶው ቀን ስሙን የሚያስጠራለት፣ ድንበሩንም ከወንድሞቹ ልጆች የሚከላከልለት አልነበረውም። ሚስቲቱማ ከሌላ ጎሳ የመጣች በመሆኗ፣ በባሏ ቤት ሥር የምትሰድደው በልጇ በኩል ብቻ ነበረ። ስለዚህ መካንነት በተጠረጠረ ጊዜ ወደ ሻሬቻው፣ ማለት ወደ ባህሉ ጠንቋይ፣ ወይፈንና ማር ይዞ መሄድ፣ ከዚያ በኋላም ባልዬው አቅም ካለው ሁለተኛ ሚስት ማግባት የታወቀ ሥርዐት ነበር። ከባለ መድኃኒቱ የሚሸመተው ሥርና ቅጠልም አልቀረም። የወይፈኑን ዋጋ ባል ይከፍላል፤ የዓመታቱን ዋጋ ግን፣ እስከ ሁለተኛዪቱ ሚስት መምጣትና ከዚያም በኋላ በዚያው ቤት ከአዲሲቱ ሚስት ልጆች ጋር በመኖር፣ የከፈለችው የመጀመሪያዪቱ ሚስት ነበረች። ሁለተኛዪቱም ሳትወልድ የቀረች እንደ ሆነ በባልዬው ላይ ጥርጣሬ የሚያድርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት እንደ ነበረ ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም፤ ዛሬም ያው ነውና።

ከ1887 ዓ.ም. ወዲህ ከነፍጠኛውና ከሹሙ ጋር ካህኑም ደብተራውም ወደ ወላይታ ገቡ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተተከሉ። ከእነርሱም ጋር ልጅ ለሚሹ ሁሉ የተዘጋጀ ሌላ መዝገበ ፈውስ ገባ፤ ጠበል፣ ስእለት፣ ክታብ፣ ጸሎተ ሱስንዮስ። ጸሎተ ሱስንዮስ ውርዝልያ የተባለችውን ሕፃን ገዳይ ለማራቅ በብራና ተጽፎ በእናቲቱ አንገት ወይም ክንድ የሚታሰር ሲሆን፣ ሾተላይ አለባት የምትባለዋ ሴት በተለይ ትይዘው ነበር። የድሮ ሰዎች መካንን ከባለ ሾተላይ በስም ለይተው ማወቃቸው የሚያስደንቅ ነው። አንዲቱ አትፀንስም፤ ሌላዪቱ ፀንሳ ትወልዳለች፣ የወለደችው ግን አይጸናም። የዘመኑ ሕክምና ሾተላይን በአብዛኛው ከደም ዐይነት አለመስማማት ጋር አያይዞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ መከላከያ መርፌ አግኝቶለታል፤ በደብተራው መዝገብ በአንድ ገጽ የነበሩት ሁለት ሕመሞች እንዲህ ተለያይተው፣ የአንዱ መድኃኒት በአንድ መርፌ ሲያልቅ የሌላው ግን ዛሬም ከቤተ ሰቡ ጥሪት በላይ ሆኖ ቀርቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ስእለት በተለይ ሊጤን ይገባዋል፤ ምክንያቱም ስእለት የክፍያ ሥርዐት ነው። ሐና እመ ሳሙኤል በሴሎ እንደ ተሳለችው፣ ሐናና ኢያቄም ስለ ድንግል ማርያም እንደ ተሳሉት፣ የእኛም እናቶች ጥላ፣ ጧፍ፣ ድባብ ወይም ልጁን ራሱን ለደብሩ አገልግሎት ይሳላሉ፤ ብፅዓቱም የሚፈጸመው ልጁ ተወልዶ እናቲቱ አቅፋው ወደ ደጀ ሰላሙ በቀረበች ጊዜ ነው። ልመናዋ ያልተሰማላት ሴት ዕዳ የለባትም። ጧፉን አስቀድማ አትገዛም፤ ወይም ብትገዛ የምጽዋት እንጂ የስእለት አይባልባትም። ልጅ የሚሻ ቤተ ሰብ በስእለት የኖረው እንግዲህ ፍሬው ሲገኝ በሚከፈል ዋጋ ነበረ፤ ሐኪም ቤቱ ይዞት የመጣው ሥርዐት ግን ተቃራኒው ነው፤ ፍሬው ቢገኝም ባይገኝም ዋጋው በመጀመሪያው ቀን ይቈጠራል። ብዙ ሰው ከጠበል ወደ ሐኪም ቤት ለመሻገር የሚዘገየው በድንቁርና ብቻ ይመስላቸዋል አንዳንድ የተማሩ ሰዎች፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን በዚህ የሒሳብ ልዩነትም ጭምር ነው፤ ገበሬም ሒሳብ ያውቃልና።

ሐኪም ቤቱ ወደ ወላይታ የመጣው በሱዳን ውስጠ አገር ሚሲዮን በኩል ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩት የዚህ ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ደርሰው ሠፈሩ፤ ኦቶና በሚባለው ሥፍራም ሕክምና ጀመሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ጣልያን አስወጣቸው፤ ከድሉ በኋላ ተመለሱ፤ በደርግ ዘመንም ሆስፒታሉን መንግሥት ወረሰው፤ ዛሬም በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል ሆኖ ያገለግላል። ሕዝቡ አሁንም ኦቶና ይለዋል።

በዚያ በ1920 ዓ.ም. አንዲት ልጅ ያጣች ሴት ወደ ኦቶና ብትወጣ ኖሮ ሐኪሙ ምን ሊያደርግላት ይችል ነበር? መልሱ ትሕትናን ያስተምራል። በዚያን ጊዜ የአውሮጳ ሐኪሞች ራሳቸው ሴት በወር ውስጥ የምትፀንስበትን ጊዜ በትክክል አያውቁም ነበር፤ ብዙዎቹም ጊዜው ከልማደ አንስት አጠገብ ያለው ሰሞን ነው ብለው፣ ልጅ ለሚሹ ባልና ሚስት ፈጽሞ የተሳሳተውን ሳምንት ይመክሩ ነበር። ጃፓናዊው ኦጊኖና ኦስትሪያዊው ክናውስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ዕንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው ልማደ አንስት ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑን ያስረዱት በእነዚያው የእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ዓመታት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም ፅንስ ሊያዝበት የሚችለው ጊዜ ዕንቁላል የወጣበትን ቀን ጨምሮ ከ6 ቀን እንደማይበልጥ ተረጋገጠ። በወር ውስጥ 6 ቀን! በዚህ ላይ፣ በሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን ሁሉ የታዘዘው የጾም ቀን በዓመት 180 ያህል በመሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን በአልጋም ጭምር የሚጠብቁ ጽኑዓን ባልና ሚስት ሳያውቁት እነዚያን ቀኖች ሊያሳልፏቸው እንደሚችሉ ልብ ይሏል። ይህን ስል ጾሙን ለመንቀፍ አይደለም፤ የነፍስ አባትና ሐኪም ተገናኝተው ሊነጋገሩባቸው ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ መሆኑን ለማመልከት ነው።

ከቀኑ መሳት ይልቅ ግን የከፋው ጠላት ሌላ ነበረ። የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዙ አገሮች ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመው ምርመራ፣ በአፍሪካ ከተመረመሩት መካን ሴቶች ከ100 ወደ 85 የሚጠጉት ሕመማቸው ከቀድሞ ልክፍት የተነሣ መሆኑ ታየ፤ ይህ መጠን ከሌላው ዓለም እጅግ የበለጠ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ከወሊድ ወይም ጤና በጐደለው መንገድ ከተፈጸመ ውርጃ በኋላ የሚመጣ መመረዝ፣ አንዳንድ ጊዜም የማሕፀን ነቀርሳ፣ ዕንቁላሉ የሚያልፍባቸውን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጠባሳ አብጅተው ይዘጋሉ። ጨብጥን በእርግጥ የሚፈውስ መድኃኒት እስከ ሰልፋና እስከ ፔኒሲሊን ድረስ፣ ማለት እስከ ጣልያን ወረራና ከዚያም ወዲህ ድረስ፣ በዓለም አልነበረም። ከተገኘም በኋላ ለሚስቲቱ አስቸጋሪ የሆነው፣ ልክፍቱ በእርሷ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ማለፉ ነው። ባል በገበያ ወይም በዘመቻ ይዞት የመጣውን በድብቅ ታክሞ ይድናል፤ እርሷ አትነገርም፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ መካን ትባላለች።

ይህን የቱቦ መዘጋት የሚገልጠው ምርመራ በዐይን ሲታይ ቀላል ነው። ሴቲቱ በራጅ ማሽን ሥር ትጋደማለች፤ ሐኪሙ በማሕፀን በር በኩል በራጅ ላይ ጐልቶ የሚታይ ፈሳሽ ቀስ አድርጎ ይገፋል፤ በፊልሙም ላይ ማሕፀኑ በሦስት ማዕዘን መልክ ነጥቶ፣ ከሁለቱ ማዕዘኖች ሁለት ክሮች ሲሳቡ ይታያሉ። ቱቦው ክፍት ከሆነ ፈሳሹ በክሩ ጫፍ ወጥቶ ወደ ሆድ ዕቃ ይበተናል፤ ዝግ ከሆነ ጫፉ ያብጥና ይቆማል። ሴቲቱ የምትታመመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስንት ዓመት በከንቱ እንደ ጠበቀች ግን ያ ፊልም ይናገራል።

አሁን ወደ ሌላው የታሪኩ ገጽ ልለፍ፤ ይኸውም ይህን ያህል ሕመም ለምን ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ እንደ ኖረ የሚያሳየው ነው። ወላይታ በሕዝብ ጥግግት ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ስሙ አስቀድሞ የሚጠራ አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ 4,500 ኪሎ ሜትር ካሬ በሚሆን ምድር ላይ ተገኘ፤ ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ ከ330 ሰው በላይ ማለት ነው። ብዙው ገበሬ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት ይዞ ለልጆቹ ምን እንደሚያካፍል ሲጨነቅ፣ ስለ ወላይታ የሚጻፈው ሁሉ የሕዝብ ብዛት፣ የመሬት ጥበት፣ የቤተ ሰብ ምጣኔ ሆነ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የሕዝብ ፖሊሲ በ1985 ዓ.ም. ወጣ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም መርፌውንና ክኒኑን ይዛ እስከ ቀበሌው ደረሰች። ይህ ሁሉ መልካምና አስፈላጊ ነበረ፤ የስንት እናቶችን ሕይወትም አትርፏል። ዳሩ ግን ስምንት ልጅ የወለደችውን ሴት ለመምከር የምትመጣው ያቺ ሠራተኛ፣ በአጥሩ ማዶ አንድም ያልወለደችውን ሴት የምትጠይቅበት ቅጽ አልነበራትም። ብዙ የሚወለድበት አገር መካን የሌለበት አገር ይመስላል፤ እንዲያውም ብዙ በሚወለድበት አገር መካን መሆን ከሁሉ የከፋ ብቸኝነት ነው።

ይህ ዕውርነት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን የእንግሊዞችን ነገር ልጨምር። ሮበርት ኤድዋርድስና ፓትሪክ ስቴፕቶ ዕንቁላልን ከዘር ጋር ከማሕፀን ውጭ አገናኝተው ለመካኖች ልጅ ለማስገኘት በተነሡ ጊዜ፣ የአገራቸው የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ገንዘብ ከለከላቸው፤ ከክልከላው ምክንያቶች አንዱም አገር በሕዝብ ብዛት በሚጨነቅበት ዘመን ወሊድን ማብዛት አንገብጋቢ ጉዳይ አይደለም የሚለው አሳብ ነበር። እነርሱ ግን ከግል ሰዎች በተገኘ ገንዘብ ገፍተው፣ ከነርሷ ከጂን ፐርዲ ጋር፣ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በኦልድሃም ከተማ ሉዊዝ ብራውን የተባለችውን ሕፃን አስወለዱ። ኤድዋርድስ የኖቤል ሽልማት እስኪሰጣቸው ድረስ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ጠበቁ፤ ስቴፕቶና ፐርዲ አስቀድመው አርፈው ነበር። ይህ ሕክምና ከመንግሥት ግምጃ ቤት ውጭ ተወልዶ፣ በብዙ አገር እስከ ዛሬ በቤተ ሰብ ኪስ መኖሩ ከአጀማመሩ የመጣ ይመስለኛል።

በሕክምናው ውስጥ ዋጋው የት የት እንደሚገባ ማየት ደግሞ ያስፈልጋል፤ ዋጋውን ሰምተው ሐኪሞቹን ቀማኛ የሚሉ አሉና። በተፈጥሮ በአንድ ወር አንድ ዕንቁላል ሲበስል፣ ለዚህ ሥራ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ እንዲበስሉ ሴቲቱ ከ8 እስከ 12 ቀን ድረስ በየዕለቱ መርፌ ትወጋለች። የዚህ መርፌ ታሪክ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የሚያስገርም ነው። የማነቃቂያው ቅመም ዕድሜያቸው ከገፋ፣ ልማደ አንስት ከተቋረጠባቸው ሴቶች ሽንት የሚጣራ በመሆኑ፣ በሮም ያለው መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ያን ያህል ሽንት ያገኘው ከአረጋውያን ደናግል መነኮሳይያት ገዳማት ነበር፤ በዚያም መድኃኒት የመጀመሪያው ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1962 ተወለደ። ድንግልናን የተሳሉ እናቶች፣ ልጅን ለተሳሉ እናቶች! ዛሬ ቅመሙ በብዛት በፋብሪካ ይሠራል፤ ከባሕር ማዶ በበረዶ ተጠብቆ ይመጣል፤ በዶላር ይገዛል። መርፌው በሚወጋባቸው ቀኖች በየሁለት በየሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ዕንቁላሎቹ በመርፌ ይቀዳሉ፤ ሰዓቱ ያለፈ እንደ ሆነ ዕንቁላሎቹ በሆድ ውስጥ ፈስሰው ይጠፋሉ። ከዚያም አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚያህለው ዕንቁላል በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ አየሩ በተጣራ ክፍል፣ መብራት ለአፍታ እንኳ ሊጠፋበት በማይገባ መሣሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚያድርበትም ፈሳሽ ዕድሜው አጭር ሆኖ ከውጭ የሚመጣ ነው። በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ሽሉ ወደ ማሕፀን ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ተጠብቆም የደም ምርመራ ይደረጋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የጄኔሬተሩ ናፍጣ ሳይቀር ከሕፃኑ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ይቈጠራል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ሆስፒታል የጀመረው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ማዕከሉን በ2011 ዓ.ም. ከፈተ። ከቤተሰብ መምሪያ ማኅበር መቋቋም እስከዚህ ማዕከል መከፈት 53 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ወደ ባንኮክ፣ ወደ ህንድ፣ ወደ ዱባይ የሚወስደው መንገድ ሲሆን፣ እርሱም ለነጋዴውና በውጭ አገር ወንድም ላለው እንጂ በወላይታ ላለው ለቦዲቲ ወይም ለአረካ ገበሬ አልነበረም። ኬንያ እንኳ የመጀመሪያዎቹን የዚህ ሕክምና ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2006 አስወልዳ ነበር። በአሜሪካ አንድ ዙር ከ10,000 ዶላር በላይ ይፈጃል፤ በመንግሥት ሆስፒታል ያለው ክፍያ ከዚህ እጅግ የሚያንስ ቢሆንም፣ ከመድኃኒቱ የሚበዛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ለመርፌው በእቁብ ሲያጠራቅሙ የቆዩ ባልና ሚስት ሁሉ በዚያ ሰሞን ጥሪታቸው እኩሌታ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም።

ለሶዶ ሰው ደግሞ የሆስፒታሉ ደረሰኝ የወጪው ከፊል ብቻ ነው። ከሶዶ በሆሳዕና በኩል አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሳይነጋ ከመናኸሪያ የሚነሣው አውቶቡስ ውሎ ያደርሳል። መርፌውና አልትራሳውንዱ በየቀኑና በየሁለት ቀኑ በመሆኑ ሚስት ከሦስት ሳምንት እስከ አንድ ወር በከተማዪቱ ማረፍ አለባት፤ ዘመድ ያለው ከዘመድ ያርፋል፤ ነገር ግን ከዘመድ ቤት ማረፍ ማለት ስለምን እንደ መጡ መናገር ማለት ስለሆነ፣ ብዙዎች ምሥጢራቸውን በአልጋ ኪራይ ይገዙታል። ባል የእርሻውን ወራት ይተዋል ወይም ሚስቱን ብቻዋን ይሰድዳል። ወይፈኑ ይሸጣል፤ መሬቱም ለጥቂት ዓመት ለሌላ አራሽ ተሰጥቶ ቀብድ ይወሰድበታል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በታች ብትሆን በዓለም ካሉ መልካም ማዕከሎች እንኳ በአንድ ዙር የምትወልደው ከሦስት አንዲቱ ወይም ከዚያ ሻል ብሎ ነው፤ ከ42 ዓመት በኋላ ግን በራሷ ዕንቁላል ከዐሥር አንዲትም አትሞላም። ሴት ልጅ የምትወለደው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ዕንቁላል ይዛ ነው፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ያህል ይቀራታል፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ እህል የማይገባበት ጎተራ ነውና ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል።

እንግዲህ የዚህ ነገር ምሬቱ ይህ ነው፤ ገንዘቡና ጊዜው አንዱ የሌላው ጠላት ሆነው መገኘታቸው። በ25 ዓመቷ ያገባች ሴት ሁለት ዓመት በተስፋ፣ ሦስት ዓመት በጠበልና በባህል መድኃኒት፣ ሦስት ዓመት በየክሊኒኩ በሚታዘዝላት ክኒን ካሳለፈች በኋላ 33 ይሆናታል፤ ከዚያ ገንዘቡን ለማጠራቀም አምስት ዓመት ሲፈጅ፣ ገንዘቡ በሞላበት ዓመት ዕድሜዋ 38 ነው፤ ያጠራቀመችው ገንዘብም በ33 ዓመቷ ይገዛላት የነበረውን ያህል ተስፋ አይገዛላትም። ሐኪሞች ከ12 ወር በኋላ፣ ከ35 ዓመት በላይ ለሆነች ደግሞ ከ6 ወር በኋላ መመርመር ይገባል የሚሉት ይህን ዐውቀው ነው።

መድኅን ይህን ገደል ሊሞላ ይችል ነበር። ወላይታ ደግሞ በመድኅን ታሪክ የሚጠቀስ ስም አለው፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ዳሞት ወይዴ ነበር። በወረዳው ያሉ ገበሬዎች መዋጮ ከፍለው በነጻ የመታከምን ልማድ ከብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን አስቀድመው ለመዱ። ነገር ግን ለደመወዝተኛው የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድኅን ደንብ ቁጥር 271/2005 የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች ሲዘረዝር፣ ከማሕፀን ውጭ የሚደረገውን ፅንስ ከመነጽር፣ ከሰው ሠራሽ ጥርስና ለመዋቢያ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ጋር አብሮ አስቀመጠው። ደሃ አገር ሁሉን ልትሸፍን እንደማትችል አልክድም። ነገር ግን ልጅ ማጣትን ከጌጥ ጋር በአንድ ዝርዝር ያሰፈረ ሰው ወላይታን አያውቅም፤ ሸዋንም ጎጃምንም ቢሆን።

በዚህ ሁሉ መካከል በሶዶ ከተማ፣ ወደ አዲስ አበባው መንገድ ሳይወጣ፣ በጥቂት ገንዘብ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር መኖሩን ሳልናገር አላልፍም። መካን ከተባሉት ጥንዶች በእኩሌታው ገደማ የባልየው ዘር ብቻውን ወይም ከሚስቲቱ ጋር ተደርቦ የችግሩ ተካፋይ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮስኮፕና ልቡን ያጠነከረ ባል ነው። ዕንቁላል በጊዜው የማይወጣላቸው ሴቶች ደግሞ፣ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በታወቀ ክኒንና በኋላ በመጣው ሌትሮዞል ብዙዎቹ ይፀንሳሉ፤ ዋጋውም ከመርፌው ጋር አይነጻጸርም። ሆኖም ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው። ሚስት ራጅ ትነሣለች፣ ሆርሞን ትለካለች፣ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ትንከራተታለች፤ ባል የሚመረመረው ከሁሉ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም ከቶ አይመረመርም። ከሁሉ የረከሰው ምርመራ ከሁሉ በኋላ በመደረጉ የሚባክነው ገንዘብ ተደምሮ ቢቈጠር፣ ከወላይታ ብዙ ጥንዶችን እስከ ቅዱስ ጳውሎስ አድርሶ የሚመልስ ይመስለኛል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማእከል ሆናለች፤ ኦቶናም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ በከተማዪቱም ከእርሱ ሌላ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አለ። ፅንስ የሚያዝበትን ቤተ ሙከራ በነገው ዕለት በሶዶ እንዲተከል የሚጠይቅ ሰው የሙያተኛውንና የመሣሪያውን ዋጋ ያልቈጠረ ነው። የባልና የሚስት ካርድ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል የሚወጣበት፣ ባል ከሚስቱ ራጅ በፊት የሚመረመርበት፣ ቱቦዋ የተዘጋ ሴትም ይህን በመጀመሪያው ዓመት ሰምታ ሪፈር የምታገኝበት ክፍል ግን ማይክሮስኮፕ፣ ራጅና አልትራሳውንድ ባለበት በማንኛውም ሆስፒታል ሊከፈት ይችላል፤ ይህን ለማድረግም የሚያስፈልገው የአንድ ሐኪም ውሳኔና የአንድ ክፍል ቁልፍ ነው።